እመት ድመትና ከጎታዋ ጀርባ ያለው ሌባ

ተረት ላወራ ነው፤ «ይሁን» በሉኝ። እንዴ፣ አንድ ሰው ብቻ? እራት የበላችሁት ለምን ነበር? በሉ ድገሙት። እንዲያ ነው! «ይሁን» ያለ ይስማ፣ ያላለ ይተኛ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ በሚናገርበት፣ ድስቱም ወንፊቱም እንደኛ በሚያወራበት ጊዜ፣ አንድ ደጋ አገር ላይ አቶ ይርዳውና ሚስቱ ወይዘሮ አትጠገብ ይኖሩ ነበር። በሬ ሁለት አላቸው፣ ድመት አንድ አለቻቸው። እኔ የማወራላችሁ ስለ ድመቷ ነው። እመት ድመት ይሏታል፤ ሌላ ስም ያወጣላት የለም፣ እሷም ስም አልጠየቀችም።

ያን ዓመት በረዶ ወርዶ የአገሩን አዝመራ ደምስሶት ነበር። ለይርዳውና ለአትጠገብ የቀረላቸው አንድ ጎታ የዘር ገብስ ብቻ ነው። ጎታ ታውቁ የለም? ከጭቃና ከጭድ የተሠራች፣ ሆደ ሰፊ፣ ግድግዳ ተደግፋ የምትቆም የእህል ማኖሪያ። በዚያ አገር ወግ፣ የዘር እህል ጎታ ከገባ በኋላ የቤቱ እመቤት የጎታዋን አፍ በእበትና በጭቃ ትመርገዋለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ዘር ቀን ምርጉን የሚነካ የለም። ጎታዋን የሚያንቀሳቅስ የለም። ከጀርባዋ የሚጠርግም የለም። «በረከቱ ይነሳል» ይላሉ። እህሉ መኖሩን ማወቅ የፈለገ ሰው የጎታዋን ሆድ በጣቱ ያንኳኳል። «ድፍ ድፍ» ካለ ሙሉ ነው፣ «ዶም ዶም» ካለ ጎድሏል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አቶ ይርዳው ጎታዋን አንኳኳ። «ዶም ዶም» አለች።

«አትጠገብ! ነይ ስሚ! ዘራችን እየተበላ ነው!»

ወይዘሮ አትጠገብ ሮጣ መጣች። ከላይ ጀምራ ወደ ታች ብታንኳኳ እስከ ደረቷ ድረስ «ዶም ዶም» ይላል። ምርጉን አየች፤ እንደ መረገችው አለ። መሬቱን አየች፤ ምድጃው አጠገብ ጥቁር አዝሙድ የምታክል በጠጥ ወድቃለች።

«አይጥ ነው» አለች።

«ድመት ያለችበት ቤት አይጥ?» አለ አቶ ይርዳው። ወደ እመት ድመት ዞረና ጣቱን ቀሰረባት። «ስሚ አንቺ! እስከ ቅዳሜ ሌባውን ካልያዝሽ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ከወንዝ ማዶ እጥልሻለሁ። የማይጠብቅ ጠባቂ አልቀልብም።»

ከወንዝ ማዶ ጅብ እንጂ ቤት የለም። እመት ድመት የተወለደችው እዚያው ምድጃ ሥር ነው፤ ሌላ ቤት አታውቅም። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ግን ኩራቷ ስለማይለቃት ጭራዋን ቀጥ አድርጋ «ሦስት ቀን ለእኔ ብዙ ነው። አይጥ አይጥ ነው፤ እይዘዋለሁ» አለች።

ይህን ስትል ጎታዋ «ምምም! ምምም!» አለች። ለካ ልታወራ ፈልጋ ነው። አፏ ተመርጎ በምን ታውራ?

«ጎታዋ ዛሬ ዘፈን አምሯታል» አለችና እመት ድመት ወደ ጓሮ ወጣች።

ጓሮው አጥር ላይ አያ አይጠመጎጥ ፀሐይ ይሞቃል። ወፍራም ነው፣ ጠጉሩ ያብለጨልጫል። እመት ድመት ከእሱ ጋር መጣላት ደስ አይላትም፤ ጥርሱ ረጅም ነው። እሱም ይህን ስለሚያውቅ በአፉ ማር ያፈሳል።

«እንደምን አደሩ፣ እመት ድመት? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«የዘር ገብስ ሌባ ገብቶበታል። እስከ ቅዳሜ ካልያዝኩ ከወንዝ ማዶ ልጣል ነው።»

«ወይኔ! ወይኔ! እነዚያ ትንንሾቹ ናቸው፣ እነዚያ አይጦች! እኔ ዘመዶቼ ናቸው ለማለት አፍራለሁ። ምድጃው ሥር ያለችውን ቀዳዳ አይተዋታል? ጣት የምታክለዋን? እዚያ ይቀመጡ።»

«አንተስ?» አለች እመት ድመት፤ መጠየቁንስ ጠይቃለች።

አያ አይጠመጎጥ በግራ እጁ ሆዱን መታ መታ አደረገ። «እኔ? እመት ድመት፣ ይህ ሆድ ጣት በምታክል ቀዳዳ ያልፋል? እኔ የሜዳ ነኝ፤ ሰው ቤት ገብቼ አላውቅም።»

እውነት ይመስላል። እመት ድመትም አመነች።

ረቡዕን ሙሉ ጣት በምታክለዋ ቀዳዳ ፊት አድፍጣ ዋለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት አይጥ ብቅ ስትል ቀጨም አደረገቻት። በአፏ ይዛ ለአቶ ይርዳው አሳየችው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ አገጯን አሻሸላት። ሐሙስ ጠዋት ግን ጎታዋን ቢያንኳኳ እስከ እምብርቱ ድረስ «ዶም ዶም» አለ። ትናንት ያሻሻት እጁ ወደ ጆንያው ሄደ።

«ምምም! ምምም!» አለች ጎታዋ።

«ዛሬ ደግሞ ጥርሷን አሟታል» አለች እመት ድመት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ አጥሩ ሄደች።

«አንዷን ብቻ ይዘው ነው?» አለ አያ አይጠመጎጥ። «መቶ ናቸው እኮ! ወጥመድ ያስጠምዱ።»

አቶ ይርዳውም ራሱ ይህንኑ አስቦ ኖሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ በእንጨት ደግፎ፣ ከሥሩ የተቆላ ሽምብራ አስቀምጦ ወጥመድ አጠመደ። እመት ድመት ከአያ ወጥመድ ጎን ተቀመጠች።

«አያ ወጥመድ፣ ሌባውን ትይዝልኛለህ?»

«እኔ የመጣብኝን እጫናለሁ» አለ አያ ወጥመድ በወፍራም ድምፁ። «ማን ነህ ብዬ አልጠይቅም።»

«አትጠይቅ። አይጥ አይጥ ነው።»

አይጦች ደግሞ አዲስ ነገር ካዩ አያስችላቸውም። ሽምብራው ገና ሳይበርድ አንዷ «ይህ ምንድነው?» ብላ መጣች፣ ድንጋዩ ወረደባት። እንደገና ሲጠመድ ሌላዋ «ምን ሆነች?» ብላ መጣች፣ በእሷም ወረደባት። ሁለት አይጥ በአንድ ቀን! እመት ድመት ያን ቀን ደረቷን ነፍታ ዋለች። ዓርብ ጠዋት ግን አቶ ይርዳው ሲያንኳኳ እስከ ወገቡ ድረስ «ዶም ዶም» ነው።  ጆንያውን ከተሰቀለበት አወረደና ቀዳዳ እንዳለው በፀሐይ ገልጦ አየ።

«ነገ ገበያ ስሄድ ይዣት እሄዳለሁ» አለ።

«ተው እንጂ፣ ሦስት ይዛ የለም እንዴ?» አለች ወይዘሮ አትጠገብ።

«ሦስት ይዛ ገብሱ አለቀ! ከጉልበቴ በታች ከወረደኮ ለማሳው አይበቃም። ያኔ እኔና አንቺም ለማኝ ነን።» 

«ምምም! ምምምምም!» አለች ጎታዋ፤ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ።

«እሷም አለቀሰችልኝ» አለች እመት ድመት።

ባልና ሚስቱ ወደ ማሳ ወጡ። እመት ድመት ተስፋ ቆርጣ ምድጃው ጥግ ተጋድማ ሳለ፣ አንዲት እፍኝ የማትሞላ ኮሳሳ አይጥ ትራፊ ቆሎ ልትለቅም በፊቷ አለፈች። እመት ድመት ሳትነሳ እጇን ብቻ ዘርግታ ጅራቷን ረገጠች።

«እመቤቴ!» አለች አይጧ። «ይብሉኝ፣ ግን መጀመሪያ ይስሙኝ። እህቶቼን በሉ፣ የገብሱ መጉደል ቆመ?»

«አልቆመም።»

«እኔንስ ቢበሉኝ ይቆማል?»

እመት ድመት እጇን ግን አላነሳችም።

«አፌን ይዩት» አለች እመት አይጥ። «በዚህ አፍ ጎታ ሙሉ ገብስ በሦስት ቀን? በምን ሆዴ? እኔ የወደቀ እለቅማለሁ፤ ሌባ አይደለሁም አልልም፣ ትንሽ ሌባ ነኝ። ትልቁ ሌባ ሌላ ነው።»

«አይጥ አይጥ ነው።»

«አይደለም እመቤቴ! የፈጀን ይኸው አነጋገር ነው! እኔ ቀዳዳዬ ጣት ያስገባል፤ የእሱ ቀዳዳ ጭብጥ እጅ ያስገባል። የእኔ በጠጥ ጥቁር አዝሙድ ታክላለች፤ የእሱ አደንጓሬ ያክላል። እኛ አዲስ ነገር ካየን ሮጠን እናሸታለን፣ ስለዚህ ወጥመድ ይጨርሰናል። እሱ አዲስ ነገር ካየ ለቀናት በዚያ መንገድ አያልፍም። ካላመኑኝ ከጎታዋ ጀርባ ሄደው ይዩ።»

«ከጎታዋ ጀርባ የሚሄድ የለም። ወጉ አይደለም።»

«ይህንን እኮ ነው እሱም የሚያውቀው» አለች እመት አይጥ።

እመት ድመት ብድግ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ በጣት ቀዳዳ ፊት ስትጋደም፣ ጎታዋ ሦስቴ ስትጮህ፣ አንድ ቀን እንኳ ዞራ አላየችም ነበር። አይጧን በጥርሷ በቀስታ ይዛ፣ በጎታዋና በግድግዳው መካከል ሾልካ ገባች። አየች። ጭብጥ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ መሬቱ ላይ ተከፍቷል። አደንጓሬ አደንጓሬ የሚያክል በጠጥ ተበትኗል። የጎታዋም ሥር ተቦርቡሮ ገብሱ ፍሬ በፍሬ ይንጠባጠባል።

«በሞትኩት!» አለች እመት ድመት በልቧ።

ይህን ስትል ከትልቁ ቀዳዳ አንድ ትንሽ ፍጥረት ወጣ። ቁመቱ ከእመት አይጥ ጋር እኩል ነው። ድመት ሲያይ ክው አለ፤ ግን አባቱ ያስጠናውን አልረሳም።

«እ... እኔ አይጥ ነኝ» አለ። «የእመት አይጥ የእህቷ ልጅ ነኝ። መንገድ ጠፍቶኝ ነው።»

እመት ድመት ደሟ ፈላ። አይጧን መሬት ላይ አስቀምጣ በእጇ ተጫነቻት። «ውሸታም! ይኸው የራስሽ ዘር ከቀዳዳው ወጣ!» ልትል ስትል፣ እመት አይጥ ከእጇ ሥር «እግሩን ይዩ፣ እግሩን» ብላ አንሾካሾከች።

እመት ድመት እግሩን አየች። የአባቱን ጫማ አጥልቆ የወጣ ሕፃን ይመስላል። ጆሮውን አየች። የእመት አይጥ ጆሮ ለፊቷ ሰፊ ነው፤ የእሱ ግን ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጆሮው ትንሽ። ጅራቱን አየች። ወፍራም ነው፤ የእመት አይጥ ጅራት ከክር ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ይህ የአይጥ ልጅ አይደለም። ገና ያላደገ አይጠመጎጥ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ድመት ብትሆን ዘላ ትይዘው ነበር። ትንሹን ትይዝና ትልቁ ያመልጣት ነበር። እመት ድመት ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሞኝ ሆና ስለሰነበተች፣ ለአንዴ ብልህ መሆን አማራት።

«አዬ፣ አንተማ አይጥ ነህ!» አለች፤ እያዛጋች። «ዛሬ ጠግቤያለሁ፤ ሂድ ወደ እናትህ።»

ልጁ እየፈነደቀ ወደ ቀዳዳው ተመለሰ። ወዲያው ከመሬት ሥር የአያ አይጠመጎጥ ሳቅ ተሰማ። «አላልኩህም? ለእሷ ሁላችንም አይጥ ነን! ነገ ትወጣለች፣ ቤቱ የኛ ነው!»

እመት ድመት ሳቁን ሰማች። ጥፍሯ ብቅ አለ፣ ግን ዋጥ አደረገችው።

«አሁን ምን ላድርግ?» ስትል አይጧን ጠየቀች። ድመት አይጥን ምክር ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ሁለት በር አለው» አለች እመት አይጥ። «አንዱ ይኸው ነው። ሌላው ከጓሮ፣ ከተሰነጠቀው ሙቀጫ አጠገብ ይወጣል። ሲደነግጥ ሁልጊዜ ሙቀጫው ውስጥ ይደበቃል፤ ከተወለደ ጀምሮ እዚያ ተጋድሞ ያየው ዕቃ ስለሆነ ያምነዋል።»

ቅዳሜ ነጋ። አቶ ይርዳው ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ድመቷ የት ሄደች?» እያለ ይፈልጋል። እመት ድመት ቀድማ ተነስታ ሥራ ላይ ነች። በመጀመሪያ ወንፊቷን በግንባሯ እየገፋች ወሰደቻት።

«ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» አለች ወንፊት።

«ከጎታዋ ጀርባ፣ ቀዳዳው ፊት ትቆሚልኛለሽ። ዝም በይ ብቻ።»

«ዝም? እኔ? ሆዴ ምንም አይዝ!»

«እንግዲያው ጮክ ብለሽ ዘምሪ፣ እሱም ይሻላል።»

ቀጥላ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ተጋድሞ ወደሚኖረው አሮጌ ሙቀጫ አፏን አስጠጋች።

«አያ ሙቀጫ፣ ላንዲት ሰዓት ሆድህ ውስጥ አስጠጋኝ።»

«ግቢ ልጄ» አለ አያ ሙቀጫ። «እኔን ከወቀጡብኝ ስንት ዓመቱ! ሥራ ካገኘሁ ደስታዬ ነው።»

እመት ድመት ገብታ ተጠቀለለች።  አቶ ይርዳው ጓሮ ሲደርስ የጆንያው ጫፍ ከሙቀጫው አጠገብ ሲወዛወዝ ታየዋለች። «ሌባው ሳይወጣ ይህ ሰው ካገኘኝ አለቀልኝ» አለች በልቧ።

አያ አይጠመጎጥ ቁርሱን ሊበላ በቤት በኩል ወጣ። ብቅ ሲል ወንፊት! ትናንት ያልነበረች ወንፊት፣ እሷም እየዘፈነች!

«ምንድነው ይህ? ይህ ትናንት አልነበረም!» ብሎ ጠጉሩ ቆመ። ወደ ኋላው ተመለሰ፣ መሬት ለመሬት ሮጠ፣ በጓሮ በኩል ወጣ። በጓሮ ደግሞ ጆንያ የያዘ ሰው! ወዴት ይግባ? ወደለመደው ሙቀጫ ዘሎ ገባ።

«እንደምን አደሩ፣ አያ አይጠመጎጥ?» አለች እመት ድመት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙቀጫው ብቻ ነው በቅርብ ያየው። እኔ የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ሙቀጫው ወዲህ ተንከባለለ፣ ወዲያ ተንከባለለ። ረጅሙ ጥርስ ትከሻዋን ነከሳት፤ አልለቀቀችም። በመጨረሻ ጩኸቱ ቆመ። እመት ድመት ከራሷ ግማሽ የሚሆን ሬሳ በማጅራቱ እየጎተተች ወጥታ፣ አቶ ይርዳው እግር ላይ ጣለችው።

አቶ ይርዳው ጆንያውን ከእጁ ለቀቀው። «ወገቤን! ይህን የሚያክል አይጥ አለ እንዴ?»

ወይዘሮ አትጠገብ በእንጨት ገለበጠችው። እግሩን አየች፣ ጅራቱን አየች። «አይጥ? ይህ አይጥ ነው? ይህማ አይጠመጎጥ ነው! እኛ ስንፈልግ የነበረው ሌላ፣ የሚበላን ሌላ!» አለችና ወደ ቤት ሮጠች። ወግም ይሁን አይሁን ጎታዋን በትከሻዋ ገፍታ ከግድግዳው አራቀቻት። ቀዳዳውን አየች፤ ክንዷን እስከ ክርን ከተተች። እፍኝ ገብስ አወጣች፣ ደግማ አወጣች፣ ሌባው የከዘነው ሁሉ እዚያው ነበር። ልጁ ግን በዚያ ሁካታ መሀል በጓሮው በር ሾልኮ ወደ ሜዳ ጠፍቷል፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

«ምርጉን ልስበረው» አለች አትጠገብ።

«በረከቱ...» አለ አቶ ይርዳው።

«በረከቱ ሲሰረቅ ምርጉ ምን አደረገልን?» ብላ ሰበረችው።

ጎታዋ እፎፎፎይ ብላ ተነፈሰች። «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ ከሥሬ ነው፣ ከሥሬ ነው ስል! አንዷ ዘፈነች ትላለች! ጥርሴን? እኔ ጥርስ አለኝ?» እያለች ተቆጣች፤ አሁን ማን ዝም ያሰኛታል? የተቦረቦረው ሥሯ በጭቃ ተደፍኖ የወጣው ገብስ ተመልሶ ሲገባ እስከ ደረት ደረሰ። ለማሳው ይበቃል፤ ይተርፋልም። ወይዘሮ አትጠገብ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ሲወጣላትም ተነስታ ትልቁን ቀዳዳ በድንጋይና በገል ጠቀጠቀች፣ ትንሿን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነች። ለሁለቱ አንድ መድኃኒት እንደማይሆን ገብቷታል።

እመት ድመት ቁስሏን ስትልስ እመት አይጥ ከእንጨት ክምሩ ሥር ብቅ አለች።

«እንግዲህ እግሬን እያዩ ይምሩኛል፣ እመቤቴ?»

«እግርሽን አይቼ አውቅሻለሁ እንጂ አልምርሽም» አለች እመት ድመት። «ዛሬን በሰላም ሂጂ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ከዚህ ቤት ውጭ ኑሪ። እኔ ድመት ነኝ፤ የማልችለውን ቃል አልገባም።»

አይጧም ከዚህ የተሻለ አልጠበቀችም፤ ሄደች።

አቶ ይርዳው መጥቶ ከእመት ድመት አጠገብ ቁጭ አለ። ሰው ለድመት ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አያውቅም።  የተነከሰ ትከሻዋን አየ።

«አይ ሞኝነት!» አለ። «ጠባቂዬን አውጥቼ ከሌባዬ ጋር ልቀር ነበር።»

እመት ድመት እግሮቿን አጠፈች፣ አገጯን ጭኑ ላይ አሳረፈች፣ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

የሚበላችሁን ለመያዝ ተነሡ፣ ግን መጀመሪያ ማን እንደሆነ እዩ። ቀዳዳውን ለኩ፣ እግሩን ተመልከቱ። ሁሉን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ትንሹን ሲቀጣ ትልቁን ይቀልባል።

ተረቴን እዚህ ላይ አቆምኩ። የሰማ ይንገር፣ የተኛ ነገ ይጠይቅ፤ ለእኔ ግን ጉሮሮዬ ደርቋልና በጣሳ ውኃ አቀብሉኝ።